ጆሮው ያልተሸነተረ አሳማ

ሎሴሊን ዛሬ መንገድ ላይ የሚያገኛት ሰው ጉልበቷን የሚያማት አንዲት አሮጊት ናት ብሎ ያልፋል። ይለፍ፤ ምን አገባኝ። እኔ ግን አርባ ዓመት ጎን ለጎን የኖርኩ ጎረቤቷ ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ከዋናው ከተማ ተምረው የሚመጡት ልጆች ሕገ መንግሥት እያሉ ሊያስረዱኝ ሲቀመጡ፣ «እናንተ ልጆች፣ ሕግ መንደራችን ፋንጋሉፔ የገባው በአሳማ እግር ነው። ገመዱን የያዘችውም ሎሴሊ ናት» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ሲስቁ ደስ ይለኛል፤ ነገሩ በእርግጥም ያስቃል።

ሎሴሊ የሩቅ ደሴት ልጅ ናት። ጎረቤቴ ኬፉ ዓሣ አጠምዳለሁ ብሎ በጀልባ ሄዶ ዓሣውን ትቶ እሷን ይዞ ተመለሰ። ገና ከጀልባዋ ሳትወርድ ሳቋ ደረሰን። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ይህቺ ልጅ የተኛውን መንደር ትቀሰቅሰዋለች» አለች። ኬፉ በአርባ ዓመቱ ድንገት ሲሞት ሁሉም ወደ ደሴቷ ትመለሳለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን የባሏን የመቆፈሪያ እንጨት አንስታ እርሻ ወረደችና ቦዬ ተከለች። ቦዬ እኛ ዘንድ የወንድ ሥራ ነው፤ ሴት ሰሌን ትሠራለች እንጂ ቦዬ አትቆፍርም። ወንዶቹ ሳቁባት፣ እኔም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበርኩ። በሦስተኛው ዓመት ሁለት ሰው በእንጨት አንጠልጥሎ የሚሸከመው ቦዬ አወጣች። በማግስቱ ዘር ልለምናት በሯ ላይ ቆምኩ። «ከሳቅክበት ልስጥህ ወይስ ካልሳቅክበት?» ብላ አፌዘችብኝና ቅርጫቴን ሞላችልኝ።

መሬቱ ግን አንድ ነገር ይጎድለው ነበር። አገሩ ሁሉ የባላባት ማታሎአ ርስት ነው፤ ሰው የድርሻውን መሬት በስሙ ለማስመዝገብ እሳቸው መፈረም አለባቸው። ኬፉ ማመልከቻ አስገብቶ ሰባት ዓመት ጠበቀና ሞተ። ማመልከቻውም የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ። ስለዚህ ሎሴሊ የምትቆፍረው መሬት የእሷ የሚሆነው ባላባቱ ዝም እስካሉ ድረስ ብቻ ነበር። አንድ ቀን አንድ ቃል ቢናገሩ ሰሌኗን ጠቅልላ ወደ መጣችበት ጀልባ መሄድ ነው። ይህንን እሷም ታውቃለች፣ እኛም እናውቃለን።

የአሳማው ሕግ ደግሞ ይህ ነው። ከግቢው ወጥቶ የሰው ሰብል የገባ አሳማ ይታሰራል፤ ባለቤቱም ችሎት ቀርቦ ይቀጣል። የማን አሳማ እንደሆነ የሚታወቀው በጆሮው ነው። እያንዳንዱ ቤት ግልገሎች ሲወለዱ የራሱን ምልክት ይሸነትራል፤ የእኔ ቀኝ ጆሮ ጫፉ ላይ አንድ፣ የሎሴሊ ግራ ጆሮ ሥር ሁለት። የባላባቱ አሳማ ጆሮ ግን አይነካም። ማን ደፍሮ በጌታ አሳማ ላይ ቢላዋ ያሳርፋል? ስለዚህ ጆሮው ሙሉ የሆነ አሳማ ከተገኘ የማን እንደሆነ ዶሮዎች ሳይቀሩ ያውቃሉ። የማያውቀው ኮንስታብል ኦሊቬቲ ብቻ ነው። መዝገቡን ገልጦ «ምልክት የለውም፤ ባለቤቱ ያልታወቀ» ብሎ ይጽፍና ገመዱን ፈትቶ ይለቀዋል። የእኛ ሲሆን ጆሮውን ለማየት እንኳ አይቸገርም። በሁለት ዓመት ውስጥ ከእኔ ብቻ ሦስት አሰረ፤ የገዛ እህቴ ባል ሆኖ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ኦሊቬቲ ነው። ክፉ ሰው ነው አልልም። ደመወዙ ከመንግሥት ነው፣ ቤቱ ደግሞ ባላባቱ መሬት ላይ ነው፤ በሁለቱ መካከል ሆዱን ይዞ የሚኖር ሰው ነበር።

በዚያ ዓመት የሎሴሊ እንስት አሳማ ገመዷን በጥሳ የባላባቱ ጎደሬ ውስጥ ገባች። ከሰዓት በኋላ ታሰረች፣ ሐሙስ ሎሴሊ ችሎት ቀረበች። ደንቡ ሆኖ ጸሐፊው የተከሳሹን ስም በመስኮት በኩል ወደ ውጭ ሦስት ጊዜ ይጣራል። ሎሴሊ ከፊቱ ተቀምጣ ሳለች አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሦስት ጊዜ ጮኸባት። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች፣ የሱቁ ሰዎች፣ ወደብ ያሉት ዓሣ አጥማጆች ሁሉ ሰሙ። ዳኛ ኢሲሌሊ በገንዘባችን አስር ፓአንጋ ቀጣት።

«ቅጣቱስ ይሁን፣ አሳማዬ በልታለች» አለችኝ ወደ ቤት ስንመለስ። «ያንገበገበኝ ስሜ ነው፣ ሳሌሲ። እንደ ሌባ ሦስት ጊዜ ጠሩኝ። የጌታ አሳማ ስንት ጊዜ በላን? የእሳቸውን ስም አንድ ቀን እንኳ ሲጠሩ ሰምተሃል?»

«እሳቸውማ ጌታ ናቸው።»

«ሕጉ ላይ ከጌታ በስተቀር ይላል?»

«እኔ ምኑን አውቄ! ሕጉን አንብቤ አላውቅም።»

«እኔ አንብቤዋለሁ። ችሎቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ተራዬን ስጠብቅ ሦስቴ አነበብኩት። አሳማ ነው የሚለው። ሌላ ምንም አይልም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሕጉ የባላባቱን አሳማ እንደ እሷ አሳማ እንዲይዝ፣ ስማቸውም እንደ ስሟ እንዲጠራ። ጠብ አልነበራትም። በዓል ሲሆን ለጌታ ከሁሉ ቀድማ ቦዬዋን የምታቀርብ እሷ ናት፤ ሲያልፉም ከሁሉ ቀድማ መሬት ላይ የምትቀመጥ እሷ ናት። «አከብራቸዋለሁ» ትላለች። «ግን ሰው ማክበር ሌላ፣ ዓይን መጨፈን ሌላ።»

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ የባላባቱ አውራ አሳማ መጣባት። ሙሉ ጆሮውን እያማታ ገብቶ አራት መስመር ቦዬ ገለበጠ፤ ለዘር ያስቀመጠችውን ሁሉ። ኦሊቬቲን ጠርታ አሳየችው። የተቆፈረውን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገና፣

«እትዬ ሎሴሊ፣ አንቺም ነገር ታከሪያለሽ። ቦዬው ያው ለጌታ የሚሄድ አልነበር? አሳማው ቀድሞ ተረከበ በይው» ብሎ ሳቀ።

ሎሴሊ በሁሉም ነገር የምትስቅ ሴት ናት፤ በባሏ ለቅሶ ላይ እንኳ ካህኑ መቃብሩ ውስጥ መነጽሩ ሲወድቅበት ስቃለች። በዚህ ግን አልሳቀችም።

በማግስቱ ጠዋት አውራው ያልጨረሰውን ሊጨርስ ተመልሶ መጣ። ሎሴሊ በቅርጫት የኮኮናት ፍርፋሪ ይዛ እየጠበቀችው ነበር። እየበላ ሳለ የፊት እግሩን በገመድ አሰረችው። ከዚያ አንድ ነገር አደረገች፤ ነገሩን ሁሉ የገለበጠውም እሱ ነው። ቤት ገብታ በደንብ የተሠራውን ትልቁን ሰሌን ወገቧ ላይ አደገደገች። እኛ ያለ ሰሌን ጌታ ፊት አንቀርብም፤ እሷም «አሳማም ቢሆን የጌታ ነው፣ በሥራ ልብስ ጎትቼው አልሄድም» ብላ ነው። ፀጉሯን ዘይት ቀባች። እንዲህ ሆና አውራውን በኮኮናት እያባበለች በመንደሩ መካከል ወደ ፖሊስ ጣቢያው ጉዞ ጀመረች።

አሁን እኔን አስቡኝ። በሬ ላይ ቁጭ ብዬ እንዲህ ያለ ግዙፍ አሳማ፣ እንዲህ ያለ ሰሌን አየሁ። ባላባቱ ያን ጠዋት ከዋናው ከተማ በመርከብ ገብተዋል፤ ግቢያቸው ደግሞ ከፖሊስ ጣቢያው ፊት ለፊት ነው። ሌላ ምን ይታሰባል? ለጌታ መግቢያ ስጦታ እየሄደ ነው፣ ለእኔ ግን ማንም አልነገረኝም! እንዳልጠይቅ፣ እጅ መንሻ ይዞ የሚሄድን ሰው «ለማን ነው? ለምንድን ነው?» ማለት እኛ ዘንድ ነውር ነው። ሰሌንህን ታጥቀህ ያለህን ይዘህ ከኋላው መሰለፍ ነው። ሚስቴን «ጉድ ሆነናል፣ ረፍዶብናል!» ብዬ ጮኼ፣ ጎደሬውን በቅርጫት፣ ለልጄ ሰርግ ያስቀመጥኩትን፣ ተወቅጦ በውኃ የሚጠጣውን የካቫ ሥር በትከሻዬ አድርጌ ወጣሁ። እኔን ያየ ጎረቤት ደግሞ እሱም ጉድ ሆነ። ሱቁ ጋ ስንደርስ አርባ ነበርን። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ የነሐስ ባንዱ ልምምድ ላይ ነበር፤ ሰሌኑን አዩ፣ አሳማውን አዩ፣ ወንበራቸውን እየገፉ ወጡና የሰልፍ ዜማ እየነፉ ተከተሉን። ሰልፉ ሁለት መቶ ደረሰ። ሴቶቹ እየዘፈኑ፣ ጎረምሶቹ ለባንዱ ምሳ የተጠበሰውን ሙሉ የአሳማ ግልገል በኮኮናት ቅጠል ቃሬዛ ተሸክመው ነበር።

ሎሴሊ ደግሞ፣ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ዞር ብላ ስታየን ዕንባዋ መጣ። ብቻዋን ነበር የተነሳችው። መንደሩ ምን ልታደርግ እንደሆነ ገብቶት ከጎኗ ሊቆም የወጣ መሰላት። «እግሬ ወዲያው ጠና» አለችኝ። እኛ ምን እንደምታደርግ አናውቅም፣ እሷ እንደማናውቅ አታውቅም። እንዲህ ተያይዘን ደረስን።

ኦሊቬቲ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ ወጣ። ሎሴሊ ወደ ባላባቱ ግቢ ሳትዞር ወደ ጣቢያው ስትዞር ግራ ገባኝ።

«ኮንስታብል ኦሊቬቲ፣ ሰብሌን ሲበላ የያዝኩት አሳማ ነው። መዝግብልኝ» አለች።

ዘፈኑ ቆመ። ባንዱ ግን በአንድ ጊዜ አልቆመም፤ መለከቱ ቆመ፣ ከበሮው ቆመ፣ ከኋላ ያለው ምንም የማይሰማው ባለ ትልቁ ቀንድ ለብቻው ሦስት ጊዜ «ቡም፣ ቡም፣ ቡም» ብሎ በመጨረሻ ቆመ። የካቫው ሥር ትከሻዬ ላይ ከበደኝ። ልሸሽ ፈለግሁ፤ ከኋላዬ ሁለት መቶ ሰው አለ።

ኦሊቬቲ ወደ ባላባቱ ግቢ በጎን እያየ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ ምልክት የለውም እኮ። ባለቤቱ ያልታወቀ ነው። ልቀቂው ይሂድ።»

ሎሴሊ ወደ እኛ ዞረች። ፊቷ ላይ እምነት ነበር። ያ እምነቷ ዛሬም ያሳፍረኛል። «በሕግ አምላክ!» አለች። «ይህ አሳማ የማን ነው?»

ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ደግሞ የሚታይ ነገር አልነበረም። እኔ ሳላስበው ስለ ሦስቱ አሳማዎቼ ማሰብ ጀመርኩ። መጀመሪያ የተወሰደችውን ነጠብጣቧን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ኦሊቬቲ እቤቴ በልቶ ጠጥቶ በማግስቱ ያሰረብኝን። ደሜ ፈላ።

«የጌታ ማታሎአ ነው! አንተስ ይህ ጠፍቶህ ነው?» ብዬ ስጮህ ራሴን ሰማሁት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሚስቴ ክርኔን ይዛ ቆነጠጠችኝ። ግን ከጎኔ ያለው ሰው «አዎ የጌታ ነው» አለ፣ ከኋላ አንዲት ሴት «ማን የማያውቅ አለ!» አለች፣ ወዲያው ሁሉም «የጌታ ነው! የጌታ ነው!» ይል ጀመር። ባለ ትልቁ ቀንድም ምን እንደተባለ ሳይገባው አንድ ጊዜ «ቡም» አለ። ኦሊቬቲ ላቡን ጠረገ። መዝገቡን ገለጠ። በባለቤት አንጻር «ባላባት ማታሎአ» ብሎ ሲጽፍ ሁለት መቶ ሰው አንገቱን አስግጎ አየ።

ምግቡ ግን ቀረ እጃችን ላይ። እጅ መንሻ አንዴ ከቤት ከወጣ ወደ ቤት አይመለስም፤ ከዚያ የባሰ ውርደት የለም። ለጌታ ደግሞ እንዴት አድርገን እንስጥ? አሳማቸውን አስረን? ተያየን። ሎሴሊ መጀመሪያ ጥብሱን፣ ቀጥሎ ቅርጫቶቹን፣ ቀጥሎ የእኔን የካቫ ሥር አየች።

«ሳሌሲ፣ ይህ ሁሉ ምንድን ነው?»

«እ... ለጌታ መግቢያ መስሎን።»

ገባት። መጀመሪያ ፊቷ ጠቆረ፤ ከዚያ ያ የጀልባዋ ሳቅ መጣ። ሆዷን ይዛ ጣቢያው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። «ልትደግፉኝ መስሎኝ! እኔ ሞኟ!» አለች እየሳቀች። ሳቋ የሚጋባ ነው፤ አንዱ ጀመረ፣ ሌላው ቀጠለ፣ መጨረሻ ላይ ኦሊቬቲ እንኳ መዝገቡን ፊቱ ላይ አድርጎ ትከሻው ይርገፈገፍ ነበር። ምን ይደረግ? ቅጠሉን ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ አንጥፈን በላን። ባንዱም ነፋ። የልጄ ካቫ ለልጄ ሰርግ ሳይደርስ እዚያው ተወቀጠ። እስከ ዛሬ እንዲህ የጣመኝ ድግስ የለም።

የባላባቱ አፈ ቀላጤ ሽማግሌው ፊኔአሲ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ለጌታ የሚናገርላቸው እሱ ነው፤ እሳቸው በአደባባይ በራሳቸው አፍ ለተራ ሰው አይናገሩም። «ጌታ ይህ ደስታ የምን እንደሆነ ጠይቅ ብለዋል» አለ። ነገሩን ሰማ። ሎሴሊን ወደ ጎን ወሰዳት፤ እኔም ጆሮዬን አልነፈግኳቸውም።

«ልጄ፣ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰማዩ ይቅርብኝ፣ አባባ ፊኔአሲ። እኔ የታረሰው መሬቴ ነው የተበላብኝ።»

«መሬትሽ አልሽ? መሬቱ ላይ ስምሽ አለ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን። ነገሩን ተይው፣ እኔ የዘር ቦዬ ከጌታ አመጣልሻለሁ።»

«ቦዬ አልቸገረኝም» አለች። ፈርታ ነበር፣ እኔም ፈርቼላት ነበር። «ሐሙስ ይጠሩ ነው የምለው። መሬቱን ከወሰዱብኝ ይውሰዱ። ያኔም ግን ተጠርተው ነው።»

ሐሙስ የችሎቱ ቤት ሰዉን አልቻለውም፤ ግማሹ በመስኮት ነበር። ጌታ ይመጣሉ ብሎ የጠበቀ የለም። መጡ። ወፍራም፣ ከሰባ ያለፉ፣ ሰፊ ሰሌን የታጠቁ ሰው ናቸው። ሁላችንም መሬት ላይ ነን፤ ጌታ ተቀምጠው ሰው አይቆምም፣ ከራሳቸው በላይ የማንም ራስ አይሆንም። ፊኔአሲ ወንበር አስገባላቸውና ተቀመጡ። ያኔ ሁላችንም አንድ ነገር አየን፦ የዳኛው ወንበር ከፍ ያለ መደብ ላይ ነው። ዳኛ ኢሲሌሊ የአናጢ ልጅ ነው፣ እንደ እኛ ተራ ሰው። አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ ለማጠር ሲታገል ኤሊ ሆኖ ነበር።

ጸሐፊው አንገቱን በመስኮት አወጣና አንድ ነገር በሹክሹክታ አለ።

«አልተሰማም» አለች ሎሴሊ ከመሬት።

ጸሐፊው ወደ ዳኛው አየ። ዳኛው ጣሪያውን አየ። ጸሐፊው ዓይኑን ጨፍኖ «ባላባት ማታሎአ!» ብሎ ጮኸ። ከወደብ ውሻ ጮኸ። ሁለተኛ ጠራ። ሦስተኛ ጠራ። ሎሴሊን አየኋት፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር።

ፊኔአሲ ጎንበስ ብሎ በጉልበቱ ተነሳ። «ክቡር ዳኛ፣ አለሁ። አሳማው የእኔ ነው፤ ቅጣቱንም እኔ እከፍላለሁ።»

ዳኛው ተነፈሰ። ኦሊቬቲ ተነፈሰ። ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ። ሁሉም ተገላገለ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ተገላግዬ ነበር። ሎሴሊ ግን ተነሳች። በሁለት እግሯ ቆመች፣ ጌታ ተቀምጠው። ሰው ሁሉ «ኧረ!» አለ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ መቆሜ ንቀት አይደለም። ሕጉ የሚናገር ይቁም ስለሚል ነው» አለች። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባባ ፊኔአሲ፣ የእርስዎ አሳማዎች ግራ ጆሯቸው ጫፍ ላይ ሦስት ምልክት አላቸው። ይህኛው ሙሉ ነው። እለምንዎታለሁ፣ አይሸከሙት። እርስዎ ከተቀጡ ሕጉ ዛሬም ያገኘው እኛን ነው ማለት ነው። ቤቴ መሄድ ይሻለኛል።»

ቆመች።  ባላባቱ ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት። መሬቱ ተወሰደ አልኩ በልቤ፤ ጀልባው ሳይቀር ታየኝ። ከዚያ ማንም በአደባባይ ሰምቶት የማያውቀው ድምፅ ተሰማ፤ ቀጭን ነው፣ ከሰውነታቸው ጋር አይሄድም።

«ፊኔአሲ፣ ተቀመጥ። አሳማው የእኔ ነው።»

ብለውም የሚፈረድበት ይቆማልና ቆሙ።

ጌታ ሲቆሙ ሁላችንም በግንባራችን ወደቅን። ሎሴሊ ተቀመጠች፣ ኦሊቬቲ ተደፋ፣ ጸሐፊው ከነብዕሩ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። መደቡን ሳይ ወንበሩ ባዶ ነው። ዳኛ ኢሲሌሊም ልማድ ይዞት ከወንበሩ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ከእኛ ጋር ተቀምጧል። ከዚያ ሆኖ ወረቀቱን ይዞ «በሕግ መሠረት...» ብሎ ጀመረ።

ባላባቱ ጎንበስ ብለው ፈለጉት።

«ኢሲሌሊ» አሉ። «ተነስና ወንበርህ ላይ ውጣ። ከዚያ ታች ሆነህ አይሰማኝም።»

ዳኛው ወጣ። ደረጃው ላይ ሁለቴ አዳለጠው እንጂ ወጣ። ከባላባቱ ራስ በላይ ተቀምጦ፣ መጀመሪያ እየተንተባተበ ኋላ ድምፁ እየጠራ፣ አስር ፓአንጋ ፈረደ፤ ልክ ሎሴሊ ላይ እንደፈረደባት፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። የተበላው ቦዬም በዘር ይተካ አለ። ባላባቱ «ይሁን» ብለው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሱት። እንዲህ ያለ ነገር አያቴ ቢነግረኝ ቀዣብሯል እል ነበር። ሎሴሊ እየሳቀች ታለቅስ ነበር፣ ወይም እያለቀሰች ትስቅ። ደስታዋ እንዳላየ የሚታለፍ አልነበረም። እኔም እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ሚስቴ ዛሬም ታሾፍብኛለች።

መሬቱስ ለምትሉኝ፣ ባላባቱ አልነኩትም። ወረቀቱ ከስድስት ዓመት በኋላ በተራው መጣ፤ የእኔም በዚያው ሳምንት። በቂም አላዘገዩባትም፣ በውለታም አላፈጠኑላትም። ሎሴሊ ወረቀቱን አጣጥፋ ሰሌን ሥር እያስገባች «እኔ እኮ እንዲህ ነው ያልኩት፣ እንደ ሁሉም» አለች።

ከሁሉም ይበልጥ የማስታውሰው ግን ከችሎቱ ሁለት ሳምንት በኋላ ያየሁትን ነው። ሎሴሊና እኔ አዲሱን የዘር ቦዬ እየተከልን ኦሊቬቲ በመንገዱ መጣ፤ በገመድ አንዲት ጆሮዋ ሙሉ የሆነ እንስት አሳማ ይጎትታል። ወደ ጣቢያው ነበር የሚወስዳት። ማንም አላስገደደውም፣ ማንም አልተከተለውም።

«የማን ናት?» አለች ሎሴሊ ቀና ብላ።

«የጌታ ናት፣ እትዬ።»

«ምን በላች?»

«የዳኛውን ጎደሬ።»

«ወይ ጉድ፣ እንግዲህ እነሱው ይተያዩ! ገመዱን ላላ አድርግላት፣ እግሯን እየቆረጣት ነው» አለችውና ወደ ቁፋሮዋ ተመለሰች። ኦሊቬቲ ቆሞ ገመዱን አላላ። መንገድ ዳር ሰሌን የሚሠሩት ሴቶች ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት አለፈ። ቆሜ ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በጣም ደስ ብሎኝ ስለነበር ሥራው ሊሠራልኝ አልቻለም።